ያነበብነው የት ይደርሳል?

የዛሬውን ጽሑፌን የምጀምረው ካሳፈረኝ አንድ ነገር ነው።

እኔ አሁን የታክሲ ሹፌር ነኝ። ወደ አሜሪካ ከመምጣቴ በፊት ግን በጎጃም በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 11 ዓመት ታሪክ አስተምሬአለሁ። በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ የሚነዳ ሁሉ እንደሚያውቀው በአየር ማረፊያ ተራ መጠበቅ የሥራው ግማሽ ነው። አንዳንድ ቀን አንድ ሰዓት፣ አንዳንድ ቀን ሦስት ሰዓት መኪና ውስጥ ተቀምጦ መዋል አለ። እኔም ጊዜው በከንቱ እንዳያልፍብኝ ስል ከመኪናዬ መጽሐፍ አላጣም።

ባለፈው የበረዶ ወራት ስለ ዓድዋ ጦርነት የተጻፈ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ጀምሬ በሦስት ሳምንት ጨረስኩ። በጨረስኩ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ከኋላዬ ተራ የያዘ ወዳጄ መስኮቴን አንኳኳና፣ «መምህር፣ ያ መጽሐፍ እንዴት ነበር? ምን አዲስ ነገር አገኘህበት?» አለኝ። «በጣም ጥሩ መጽሐፍ ነው» አልኩት። ከዚያ በኋላ ምን ልበል? ጦርነቱ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. መደረጉን ነገርኩት። የውጫሌን ውል 17ኛ አንቀጽ ነገርኩት። ይህን ሁሉ ግን መጽሐፉን ከመግዛቴ በፊትም አውቀው ነበር፤ ለተማሪዎቼም በየዓመቱ ስናገረው ኖሬአለሁ። ከመጽሐፉ ያገኘሁትን አንድ አዲስ ነገር ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ። ወዳጄም ሳቀና፣ «እንግዲያው አታውሰኝ፤ ሦስት ሳምንቴን አትርፈህልኛል» ብሎኝ ወደ መኪናው ተመለሰ።

እሱ በቀልድ ነው የተናገረው። እኔ ግን የዚያን ዕለት ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሳስተምር ስንቱን ተማሪ «አላጠናህም» ብዬ ተቆጥቻለሁ! አሁን ያ ተማሪ እኔው ሆኜ ተገኘሁ። ደግሞም የእኔ ብቻ አልመሰለኝም። እስቲ እናንተም ባለፈው ዓመት ያነበባችሁትን አንድ መጽሐፍ አስቡና ለጎረቤት የምትነግሩትን ያህል ቀርቷችሁ እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። በየቤታችን መደርደሪያ ከአዲስ አበባ በሻንጣ የመጡ መጻሕፍት ተደርድረዋል። ግማሾቹ አልተገለጡም፤ የተገለጡትም ቢሆኑ የገባንበትን እንጂ ይዘን የወጣነውን አናውቅም።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። እውነት ነው። ነገር ግን በጽሑፍ ያለውን ወራሹ አንብቦ ቢረሳውስ? አባቶቻችን ይህን ጥያቄ ከእኛ በፊት ጠይቀውት፣ መልስም ሰጥተውበት አግኝቻለሁ። ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ይህንኑ ነው።

«ንባብ» እና «መድገም»

ነገሩ ከቃሉ ይጀምራል። በግዕዝ «ነበበ» ማለት ተናገረ ማለት ነው። ስለዚህ «ንባብ» የምንለው ቃል ከዓይን አስቀድሞ የአፍ ነበር። ለጥንቱ አንባቢ ማንበብ ማለት የተጻፈውን በድምፅ ማሰማት ነው። ሌላም አለ። አረጋውያኑ ማለዳ ተነሥተው ዳዊት ሲይዙ «ዳዊት አነበበ» አይባልም፤ «ዳዊት ደገመ» ነው የሚባለው። መቶ አምሳው መዝሙር ለሰባቱ ቀናት ተከፋፍሎ በየሳምንቱ ይደገማል። በዚህ ሥርዓት የሚኖር ሰው አንዱን መጽሐፍ በዓመት ከ50 ጊዜ በላይ፣ በ40 ዓመት ከ2000 ጊዜ በላይ ይወጣዋል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ሰው «ያነበብከውን ታስታውሳለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ «ስምህን ታስታውሳለህ ወይ?» እንደ ማለት ነው።

የቄስ ትምህርት ቤቱንም አሠራር ብትመለከቱ እንዲሁ ነው። እኔ ራሴ መደበኛ ትምህርት ቤት ከመግባቴ በፊት ሁለት ዓመት ያህል የኔታ ዘንድ ተቀምጬ ነበር። ፊደል ተቆጥሮ፣ አቡጊዳ ተለይቶ ሲያበቃ መልእክተ ዮሐንስ ይጀመራል። ልጁ ወዲያው ጽሑፉን አያነበንበውም። መጀመሪያ ፊደል በፊደል እየቆጠረ ይሄድበታል። ከዚያ ግዕዝ ንባብ በሚባለው ዝግ ያለ አነባበብ ይመለስበታል። ቀጥሎ ውርድ ንባብ አለ፤ በመጨረሻም ቁም ንባብ ይመጣል። አንዱ ገጽ ሳይለቀቅ አራት ጊዜ፣ በአራት ዓይነት መንገድ ይታረሳል። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ወንጌልና ወደ ዳዊት የሚታለፈው። ዳዊት የደገመ ልጅ ወላጆቹ ድግስ ይደግሱለት ነበር።

የእኛ የኔታ ዓይነ ሥውር ነበሩ። እኔ መጽሐፉን ዘርግቼ በስንደዶ እያመለከትኩ ሳነብ እሳቸው ወዲያ ማዶ ጋቢያቸውን ተከናንበው ያንቀላፉ ይመስሉኛል። አንዲት ቃል የዘለልኩ እንደሆነ ግን፣ «ተመለስ! ዋጥካት» ይሉኝ ነበር። መጽሐፉ ከእኔ እጅ ነበር፤ ንባቡ ግን ከእሳቸው ዘንድ ነበር። ይህ በልጅነቴ ተአምር ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ተአምር ሳይሆን ሥራ ነው።

ቀን ንባብ ከሆነ ማታ ደግሞ «የቃል ትምህርት» አለ። መብራት በሌለበት፣ መጽሐፍ በማይታይበት ጨለማ ተማሪው ጸሎቱን ከአስተማሪው ወይም ከትልቁ ተማሪ አፍ እየተቀበለ ይይዛል፤ ነገ ደግሞ ሳያይ ይመልሳል። ወደ ላይም ሲወጣ አሠራሩ አይለወጥም። በቅኔ ቤት ተማሪው የመምህሩን ቅኔ ሰምቶ ብቻ አይነሣም። ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርሙታል። በመጻሕፍት ቤት ደግሞ «አንድም» እየተባለ የሚወርደው ትርጓሜ ለብዙ ዘመን በወረቀት ሳይሆን በመምህራን አፍ የኖረ ነው። ትልቁ ተማሪ ትንሹን ማስተማር ግዴታው ነበርና፣ የተማረውን ሳያስተምር የሚያድር አልነበረም።

ይህ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ብቻ አይደለም። በወሎና በሌላውም አገር በቁርአን ቤት የሚቀመጠው ደረሳ የዕለቱን ትምህርት በእንጨት ሉህ ላይ ይጽፋል፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይቀራዋል፤ በቃሉ ለሸኹ ሲያሰማና ሲፈቀድለት ብቻ ሉሁን አጥቦ አዲስ ይጽፋል። እስቲ አስቡት፤ ገጹን የሚያጥበው ልቡ ከያዘው በኋላ ነው። እኛ ግን ገጹን የምንገልጠው ልባችን ምንም ሳይዝ ነው።

እዚህ ላይ ያለፈውን ሁሉ ማር አድርጌ እንዳልቀባ እፈራለሁ። በዚያ ትምህርት ቤት ኩርኩምና አለንጋ ነበረበት። ልጁ የሚደግመውን ግዕዝ ትርጉሙን ሳያውቅ ዓመታት ያልፉ ነበር። ሴቶች ልጆች ከበር የሚመለሱ ብዙ ነበሩ። የቆሎ ተማሪው ደበሎ ለብሶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ሲለምን ውሻ ያሳድደው ነበር። ደግሞም የመድገሙ ምክንያት ጥበብ ብቻ አልነበረም፤ እጥረትም ነበር። ብራና የሚወጣው ከፍየልና ከበግ ቆዳ ነው። ቆዳው ይፋቃል፣ ይወጠራል፣ ይሰመራል፤ ከዚያ ጸሐፊው ለብዙ ወራት ቀለም እየነከረ ይጽፋል። አንድ ዳዊት ከአባት ለልጅ የሚተላለፍ ሀብት ነበር። መጽሐፉ ጥቂት ስለሆነ ሰው ራሱ መጽሐፍ መሆን ነበረበት።

መጻሕፍት ሲበዙ

በ1914 ዓ.ም. በኋላ ብርሃንና ሰላም የተባለው ማተሚያ ቤት በአዲስ አበባ ተቋቋመ። በ1917 ዓ.ም. በዚያው ስም የተጠራው ጋዜጣ መታተም ጀመረ። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1936 ዓ.ም. «ወመዘክር» የምንለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ። የዘመናዊ ትምህርት ቤቶችም ቁጥር እየጨመረ ሄደ። ይህ ሁሉ ትልቅ በረከት ነው፤ እኔም የዚያ በረከት ልጅ ነኝ። ነገር ግን ከበረከቱ ጋር ሳናስተውለው አንድ ልማድ ተለወጠ። ድምፅ እያሰማ፣ በጉባኤ ተቀምጦ፣ እየደገመ ያነብ የነበረው ሰው ብቻውን፣ ዝም ብሎ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያነብ ሆነ። መጽሐፉ ስለማይጠፋ መያዙ አላስፈለገም። «ከመደርደሪያው አለልኝ» ይላል ሰው። ዛሬ ደግሞ «ከስልኬ አለልኝ» እንላለን።

ሆኖም የድሮው ልማድ እንዲሁ በአንድ ቀን አልሞተም። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ደራሲው ራሳቸው በጎጃም የቅኔ ትምህርት ያለፉ ሰው ናቸው። መጽሐፉን በወረቀት ያነበቡት ብዙ ናቸው። ይሁንና ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት ሲተርከው የሰሙት ሌላ ዓለም ናቸው። መጽሐፉን በእጃቸው ነክተውት የማያውቁ ሰዎች ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ወንጌል፣ ስለ ጉዱ ካሣም ዛሬ ድረስ ትናንት እንዳዩት ሰው ይነግሯችኋል።

ምክንያቱ የወጋየሁ ድምፅ ብቻ አይመስለኝም። ታሪኩ በአንድ ጊዜ አልተነበበም፤ እየተቆረጠ ነው የቀረበው። በአንዱና በሚቀጥለው ክፍል መካከል ቀናት ነበሩ። በእነዚያ ቀናት ሰው በቡናው ላይ፣ በሥራ ቦታው፣ በመንገድ «ባለፈው የት ላይ ነበር የቆመው?» እየተባባለ ያለፈውን ይተርከዋል፤ የሚመጣውንም ይገምታል። ማለትም አገሩ ሁሉ ሳያውቀው ቅጸላ ተቀምጦ ነበር። የተሰማው ተደገመ፤ የተደገመው ተያዘ።

እናቴና የጎረቤታችን ደብዳቤ

ይህ እንግዲህ የታወቀው ታሪክ ነው። አሁን ደግሞ ከማንም መጽሐፍ ያላገኘሁትን፣ ከቤታችን ያገኘሁትን ልንገራችሁ።

አብዮቱ ሲፈነዳ በኢትዮጵያ ማንበብና መጻፍ የሚችለው ሕዝብ ከመቶ አሥር አይሞላም ነበር። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ታወጀ። «የተማረ ያስተምር፣ ያልተማረ ይማር» ተባለ። ትምህርቱ እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1980 ደግሞ ኢትዮጵያ በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን የዓለም አቀፉን የንባብ ማኅበር ሽልማት አገኘች። ያ ዘመን ለብዙዎቻችን የእስርና የሐዘን ዘመን ነው፤ ሰውም ወደ ትምህርቱ የሄደው ወዶ ብቻ አልነበረም። ቢሆንም እናቴ ፊደል የቆጠረችው በዚያ ዘመቻ ነው። ውሃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ማታ በገበሬ ማኅበሩ ቤት በፋኖስ ተማረች።

አብረዋት የተማሩ ሴቶች ብዙ ነበሩ። ከእነሱ መካከል ዛሬ የሚያነቡ ከሁለት እንደማይበልጡ ትነግረኛለች። የምስክር ወረቀቱን ተቀበሉ፤ ከዚያ ግን በመንደሩ የሚነበብ ነገር አልነበረም። ጋዜጣ አይደርስም፤ መጽሐፍ የሚገዛበት ገንዘብ የለም። ፊደሉም እንዳልታረሰ ማሳ ዳዋ በላው። በዘመቻው ብዙ አካባቢ የደረሰው ይኸው ነው። ማስተማሩ ከባድ ነበር፤ የተማሩትን ይዞ መቆየቱ ደግሞ የበለጠ ከባድ ሆነ።

እናቴ ያልረሳችው በብልኅነቷ አይደለም። የመንደሩ ደብዳቤ አንባቢ ሆና ስለቀረች ነው። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጥቶ ነበርና ከየቤቱ ልጅ ወደ ሰሜን ሄዷል። ደብዳቤ ሲመጣ ወደ እኛ ቤት ይመጣል። አንዲት ጎረቤታችን የአንድ ልጅ እናት ነበሩ። ልጃቸው ከኤርትራ ግንባር የላከውን ደብዳቤ በመቀነታቸው ቋጥረው በየሰንበቱ እየመጡ «አንብቢልኝ» ይሏታል። ያው ደብዳቤ ነው። ሁለት ገጽ አይሞላም። እናቴም ትዘረጋና ታነባለች።

አንድ ሰንበት፣ እኔ ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ እናቴ ደክሟት ስለነበር ፈጠን ፈጠን አድርጋ አነበበችው። ጎረቤታችን እጃቸውን አነሡና፣ «አንቺ ልጅ፣ ላሚቱ ወለደች ወይ የሚለውን ዘለልሽው» አሉ። እናቴ ወደ ወረቀቱ ተመለሰች። እውነትም ዘላው ነበር። እኚያ ሴት ሀን ከሁ አይለዩም። ሲሄዱ እናቴ፣ «ፊደሉን የማውቀው እኔ ነኝ፤ ደብዳቤውን የምታውቀው ግን እሷ ናት» ብላ ስትናገር ሰማኋት።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ወታደሩ ሁሉ በየአቅጣጫው ወደ አገሩ ገባ። የእሳቸው ልጅ አልተመለሰም። ሌላ ደብዳቤም አልመጣም። እሳቸው ግን እስኪሞቱ ድረስ በየሰንበቱ መምጣታቸውን አልተዉም፤ እናቴም ማንበቧን አልተወችም። በመጨረሻው ዘመን ወረቀቱ በእጥፋቱ ላይ ተቀዶ፣ ቀለሙም ጠፍቶ ነበርና፣ እናቴ የማይታየውን መስመር ከእሳቸው አፍ እየሰማች ነበር የምታነብላቸው።

ውድ አንባቢያን፣ የየኔታና የእኚህ ጎረቤታችን ነገር አንድ መሆኑን የተረዳሁት ወዳጄ መስኮቴን ባንኳኳበት በዚያ ማታ ነው። ሁለቱም በዓይናቸው አያነቡም ነበር። ሁለቱም የያዙትን የያዙት መልሰው መላልሰው ስለጠሩት ነው። አንዳቸው በሥርዓት፣ አንዳቸው በፍቅር። እኔ በዓይኔ 400 ገጽ አልፌ ባዶ እጄን የቀረሁትም አንዴም እንኳ ስላልጠራሁት ነው።

የዘመኑ ሳይንስስ ምን ይላል?

«ይህ የአገር ቤት ትዝታ ነው» የሚል ቢኖር የፈረንጆቹንም ምርምር ልጨምርለት። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ ትርጉም የሌላቸውን አጫጭር ድምፆች ራሱ እያጠና፣ ስንቱን እንደረሳ ራሱን እየፈተነ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1885 አሳተመ። ያገኘው ነገር ሰው ከሚረሳው አብዛኛውን የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና በመጀመሪያው ቀን መሆኑን ነው፤ ከዚያ በኋላ መርሳቱ ዝግ ይላል። በአንድ ቀን ደጋግሞ ከማጥናት ይልቅ ድግግሞሹን በቀናት መከፋፈል እንደሚሻልም አይቷል።

እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ የተባሉ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ለተማሪዎች አጭር ጽሑፍ ሰጡ። አንዱን ጽሑፍ ደግመው እንዲያነቡት፣ ሌላውን ደግሞ ወረቀቱን ሳያዩ የሚያስታውሱትን እንዲጽፉ አደረጉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በጥቂት በለጠ፤ 81 ከመቶ በ75። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ደግመው ካነበቡት የቀረላቸው 42 ከመቶ ሲሆን፣ ሳያዩ ከጻፉት የቀረላቸው 56 ከመቶ ሆነ።

ትርጉሙ ግልጽ ነው። መጽሐፉን ማየት ብቻ አይበቃም፤ መጽሐፉን ዘግቶ ከውስጥ መጥራት ያስፈልጋል። የየኔታ የጨለማ ትምህርት፣ የደረሳው ሉህ ማጠብ፣ የቅኔ ተማሪው ለመምህሩ መንገር፣ ሁሉም ይኸው ነው። አባቶቻችን ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አላስፈለጋቸውም፤ እኛ ግን በእጃችን የነበረውን ጥለን ከላቦራቶሪ ልንማረው መጣን።

በታክሲ ውስጥ የተከፈተ ንባብ ቤት

ከዚያ ወዲህ እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ከባድ ነገር አይደለም፤ በቀን 12 ሰዓት የሚሠራ ሰው የሚችለው ነው።

አንደኛ፣ ሰዓቱን ለይቻለሁ። ተራ ይዤ ሞተር እንዳጠፋሁ ስልኬን ከጓንት ማስቀመጫው ውስጥ እከትታለሁ፤ መጽሐፉን አወጣለሁ። ከ10 ገጽ በላይ አላነብም። ድሮ 40 ገጽ ያነበብኩ ቀን ኩራት ይሰማኝ ነበር። ልማድ የሚገነባው ግን በብዛት ሳይሆን ባለመቅረት መሆኑን ዳዊት ደጋሚዎቹ አስተምረውኛል። የእነሱ ጎህ ሲቀድ ነበር፤ የእኔ ተራ ስይዝ ነው።

ሁለተኛ፣ ሲበቃኝ መጽሐፉን ዘግቼ «ምን አለ?» ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። ድምፄን አውጥቼ ነው የምመልሰው። መስኮቱ ዝግ ስለሆነ ማንም አይሰማኝም፤ የሚያየኝም ሰው በስልክ የማወራ ይመስለዋል። መጀመሪያ ላይ ከሦስት ዓረፍተ ነገር አላልፍም ነበር። የጠፋኝን ብቻ ገልጬ አያለሁ። ከዚያ በትንሽ ደብተር ላይ ሦስት መስመር እጽፋለሁ፤ የመጽሐፉን ቃል ሳይሆን የራሴን።

ሦስተኛ፣ ደብተሩን በማግሥቱ፣ በሳምንቱና በወሩ እመለስበታለሁ። የጻፍኩትን ከማንበቤ በፊት ግን ምን እንደጻፍኩ ለማስታወስ እሞክራለሁ።

አራተኛውና ዋናው፣ ለሰው እናገራለሁ። እሑድ እሑድ ለእናቴ ስልክ እደውላለሁ። ድሮ ጨዋታችን «ደህና ነሽ? ደህና ነኝ፤ ገንዘቡ ደረሰሽ? ደረሰኝ» ነበር። አሁን እሷ ቀድማ «በል፣ ምን አነበብክ?» ትለኛለች። ካወራኋት በኋላ በሳምንቱ መልሳ ትጠይቀኛለች፤ እሷ የያዘችውን እኔ ረስቼ የተገኘሁበትም ቀን አለ።

ያንን የዓድዋ መጽሐፍም እንደገና ከመጀመሪያው በዚህ መንገድ ጀመርኩት። ሦስት ሳምንት የፈጀው ሦስት ወር ፈጀ። አንድ ቀን ያ ወዳጄ እንደ ልማዱ ሲመጣ፣ ከዓድዋ በፊት ስለተደረገው ስለ መቀሌው ከበባ አጫወትኩት። ጣልያኖች በእንዳ ኢየሱስ ምሽግ ውስጥ እንደነበሩ፣ ምሽጉን በጉልበት መድፈሩ ሰው እንዳስፈጀ፣ ከዚያ እቴጌ ጣይቱ «ውሃቸው ይያዝ» ብለው መምከራቸውን፣ በጥማት የተያዘው የጣልያን ጦር በጥር 1888 ዓ.ም. ምሽጉን ለቆ መውጣቱን ተረክሁለት። ወዳጄም የራሱን መኪና ትቶ ከእኔ መኪና ገብቶ ተቀመጠ። የፊቱ ታክሲ ተንቀሳቅሶ ከኋላ ጥሩንባ እስኪነፋብን ድረስ ተራችን መድረሱን አላወቅንም። ሲወርድ፣ «አሁን ስጠኝ» ብሎ መጽሐፉን ወሰደው። እስከ ዛሬ አልመለሰልኝም። ግድ የለም፤ እኔ ዘንድ አለ።

ስለ ልጆቻችን አንድ ነገር ብዬ ልደምድም። የ11 ዓመት ልጅ አለችኝ። እንግሊዝኛውን እንደ ውሃ ትጠጣዋለች፤ አማርኛውን ግን ፊደል በፊደል እየቆጠረች ነው። አማርኛ ማንበቧን ትታው ነበር፤ «ቀርፋፋ ነኝ» ብላ ታፍራለች። አሁን እሑድ እሑድ ስልኩን ከጠረጴዛው ላይ እናስቀምጥና ለአያቷ አንድ ገጽ ታነብላታለች። እናቴ ጎጃም ተቀምጣ መጽሐፉን አታየውም። ልጄ አንድ ቃል ስታበላሽ ግን ከዚያ ማዶ፣ «ተመለሽ የኔ ልጅ፣ ዋጥሻት» የሚል ድምፅ ይመጣል። ገጹ ሲያልቅ ደግሞ «በይ አሁን ዝጊውና ንገሪኝ» ትላታለች። ልጅቱም በተሰባበረ አማርኛዋ ትነግራታለች። የመጀመሪያውን መጽሐፍ በጨረሰች ቀን ድሮ ዳዊት ለደገመ ልጅ እንደሚደረገው ዶሮ ተሠርቶ ተበላ።

በዚህ አገር ብዙ ነገር ለልጆቻችን ልንተውላቸው እንደክማለን። ቤት እንገዛለን፤ ለኮሌጅ እናጠራቅማለን። መጻሕፍቱንም እንተውላቸዋለን። ነገር ግን ያልተነገረላቸው መጽሐፍ ለእነሱ ወረቀት ነው። «በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ተረት የሚሠራው ጽሑፉ በአንድ ሰው አፍ አልፎ ወደ ሌላው ጆሮ ሲደርስ ነው።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ እስከዚህ ከታገሣችሁኝ አንድ ልመና አለኝ። መጽሔቱን አሁኑኑ ዝጉት። ከዚያ ለባለቤታችሁ፣ ለልጃችሁ ወይም ከጎናችሁ ተራ ለያዘው ሰው የቀረላችሁን ንገሩት። ምንም ካልቀረላችሁ ጥፋቱ የእኔ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም አንድ ጊዜ ተመለሱበት፤ ምናልባት ላሚቱን ዘላችኋት ይሆናል።

ቸር ያሰንብተን።